የአውራ ጣት ምስክርነት

አንጀት ሲጠማዘዝ ጊዜ አይሰጥም። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል የሚሠሩ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ደጋግመው ከሚያዩአቸው ድንገተኛ የሆድ ሕመሞች አንዱ የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ላይ ዞሮ ሲታነቅ የሚመጣው ነው፤ ሐኪሞች ሲግሞይድ ቮልቩለስ ይሉታል። በብዛት የሚይዘው ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶችን ነው። ሆድ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ሰገራም አየርም መውጣት ያቆማል፣ ደም የተቋረጠበት አንጀት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ ገብስና ድንች እያረሱ የሚኖሩ አንድ አባት ይህ ደረሰባቸው እንበል። ጎረቤት ተጠራርቶ ወደ እንጅባራ ያደርሳቸዋል፤ በዚያው ሌሊት ሆዳቸው ይከፈታል፣ የዞረው አንጀትም ይፈታል።

ሐኪሙ እጁን ሆድ ውስጥ አስገብቶ እንዲሠራ የሆድ ግድግዳ ጡንቻዎች መላላት አለባቸው። በሽተኛው በማስተኛ መድኃኒት ብቻ ቢተኛ ቢላው ሲነካው ጡንቻው ይኮማተራል፣ አንጀቱንም ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያው ሌላ መድኃኒት ይጨምራል፤ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ «ሪላክሳንት» የሚሉትን። ይህ መድኃኒት የሆዱን ጡንቻ ብቻ መርጦ አያላላም። የዐይን ሽፋንን፣ ምላስን፣ ጉሮሮን፣ በጎድን አጥንት መካከል ያሉትን ጡንቻዎች፣ ድያፍራምን ሁሉንም ያዝላል። በሽተኛው መተንፈስ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ትንፋሹ በቱቦ በኩል በባለሙያው እጅ ወይም በማሽን ነው። አንጀቱ ተስተካክሎ ሆዱ ሲሰፋ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይመጣል። ቱቦው ይውጣ? እኚህ አባት ራሳቸው ለመተንፈስ፣ ምራቃቸውን ለመዋጥ፣ አክታቸውን ስለው ለማውጣት የሚበቃ ጉልበት ተመልሶላቸዋል?

ይህ ጥያቄ በብዙ የዓለም ሆስፒታሎች ዛሬም የሚመለሰው በግምት ነው፤ ሀብታም በሚባሉት አገሮች ጭምር። ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያ ግን አለ። መርሁ ከታወቀ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ክፍሎቹም ዛሬ ርካሽ ናቸው። እኔ የማምነው ይህን መሣሪያ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እንደ እንጅባራ ያለ ከፍ ያለ፣ ቀዝቃዛና የባለሙያ ቁጥር የሚያንስበት ቦታ እንደሆነ ነው። ምክንያቱን ለማየት ከመድኃኒቱ ታሪክ መነሳት ይሻላል።

የመድኃኒቱ ምንጭ የፍላጻ መርዝ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከመረንዝ ዛፍ ያወጡት የነበረው መርዝ ልብን ያቆማል። የደቡብ አሜሪካ ጫካ ነዋሪዎች የሚቀምሙት ኩራሬ ግን ልብን ትቶ ጡንቻን ያዝላል፤ የተወጋው እንስሳ የሚሞተው መተንፈስ ስለማይችል ብቻ ነው። ይህን ከማንም በላይ ያሳየችው አንዲት አህያ ናት። በ1814 እ.ኤ.አ. ቻርለስ ዋተርተን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ለንደን ውስጥ በኩራሬ እንድትወጋ አደረገ። ወደቀች፤ ትንፋሿ ቆመ። የአየር ቧንቧዋ ተቀዶ በወናፍ አየር ይነፋላት ጀመር። መርዙ ከሰውነቷ እስኪወጣ ሳያቋርጡ ነፉላት፣ አህያዋም ተነሥታ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረች። ዛሬ በየኦፕሬሽን ክፍሉ የሚደረገው በመሠረቱ ያው ነው። ጡንቻው እስኪመለስ ድረስ የሌላ እጅ ይተነፍስለታል። ዋተርተን አህያዋ መመለሷን ያወቀው ስትነሳ በማየት ነበር፤ እኛ ግን በሽተኛው ከመነሳቱ በፊት፣ ቱቦው ከመውጣቱ በፊት ማወቅ አለብን።

በ1850ዎቹ ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር በእንቁራሪቶች ላይ ባደረገው ሙከራ መርዙ የት እንደሚሠራ አገኘው። ነርቩ ጤነኛ ነው፣ ጡንቻውም በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሲነካ ይኮማተራል፤ የተዘጋው በሁለቱ መካከል ያለው መተላለፊያ ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጃንዋሪ 1942 እ.ኤ.አ.፣ ሐሮልድ ግሪፊዝና ኢኒድ ጆንሰን ሞንትሪያል ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ለሚወጣለት ወጣት ተጣርቶ የተዘጋጀ ኩራሬ ሰጡ። ቀዶ ሕክምና ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሆነ። ሆድን ለማላላት ሲባል በሽተኛውን በኤተር እስከ ሞት አፋፍ ማድረስ ቀረ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን ወዲያው ተከተሉ። በ1947 እ.ኤ.አ. ስኮት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በራሱ ፈቃድ ጣቱን እንኳን ማንቀሳቀስ እስኪያቅተው ድረስ የኩራሬን ንጥር ተወጋ። ሲመለስ ሁሉን ይሰማ፣ ሁሉን ያስታውስ እንደነበር ተናገረ። መድኃኒቱ አያስተኛም፣ ሕመምም አይቀንስም፤ ዝም ብሎ የተኛ የሚመስል ሰው ነቅቶ ሊሆን ይችላል። በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሄንሪ ቢቸርና ዶናልድ ቶድ በአሥር የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተሰጠ 600,000 ያህል ሰመመን መርምረው ውጤቱን አወጡ። ሪላክሳንት ካልተሰጣቸው መካከል ከሰመመን ጋር በተያያዘ የሞተው ከ2,100 ሰው አንድ ነበር፤ ከተሰጣቸው መካከል ግን ከ370 አንድ። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱ ራሱ መርዛማ ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። ዛሬ ያንን ቁጥር የሚያነብ ባለሙያ አስቀድሞ የሚያስበው ግን ቱቦው ከወጣ በኋላ ሳይታወቅ የቀረውን ድካም ነው።

ድካሙ ለምን አይታወቅም? ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል በመልቀቅ ነው። ኬሚካሉ ጡንቻው ላይ ያሉትን ተቀባዮች ሲነካ ጡንቻው ይኮማተራል። ሪላክሳንት እነዚህን ተቀባዮች ቀድሞ ይይዝባቸዋል። ተፈጥሮ ግን ተቀባዮቹን ከሚያስፈልገው በላይ አብዝታ ሠርታለች። ከአንድ መቶው ሰባ ወይም ሰባ አምስቱ እስኪያዙ ድረስ ጡንቻው ለአንድ ነጠላ ትእዛዝ እንደ ጤነኛ ይመልሳል። ማለትም ጡንቻው በአንድ ምት ሲፈተን ሙሉ የሚመስለው ሰው አብዛኛዎቹ ተቀባዮቹ ገና እንደተያዙ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ የሚወጣው ጡንቻው ተደጋግሞ ሲታዘዝ ነው፤ ነርቩ በተከታታይ የሚለቀው ኬሚካል እየቀነሰ ይሄዳልና።

የመለኪያው ብልሃት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ክሪስቲ እና ቸርችል-ዴቪድሰን በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል በእጅ የሚያዝ የነርቭ መቀስቀሻ ሠርተው አስተዋወቁ። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሐሰን አሊ፣ አቲንግና ግሬይ ሊቨርፑል ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ዘዴ አመጡ። በትንሿ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ጎን አልናር የሚባለው ነርቭ ያልፋል። እዚያ ላይ አራት አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች በግማሽ ሴኮንድ ልዩነት ይላካሉ። አውራ ጣት አራት ጊዜ ወደ መዳፉ ይሰበሰባል። ጡንቻው ሙሉ ከሆነ አራቱም እኩል ናቸው። መድኃኒቱ ካለ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያንሳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ አራተኛው ከሦስተኛው፤ ሲበዛም አራተኛው ጨርሶ ይጠፋል፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ ሁለተኛው። የአራተኛው ጉልበት ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በእንግሊዝኛው ምሕፃር ቶፍ ይባላል። 1.0 ከሆነ ድካም የለም፣ 0.5 ከሆነ አራተኛው ምት የመጀመሪያው ግማሽ ነው። የዘዴው ውበት እያንዳንዱ በሽተኛ የራሱ መመዘኛ መሆኑ ነው፤ ቀጭን እጅም ወፍራም እጅም ከራሱ የመጀመሪያ ምት ጋር እንጂ ከሌላ ሰው ጋር አይወዳደርም።

ይሁን እንጂ ምቱን መላክና ምላሹን መለካት ሁለት ነገር ነው። ብዙ ቦታ ያለው ቀላል መቀስቀሻ ምቱን ይልካል፣ ባለሙያው በዓይኑ ያያል ወይም አውራ ጣቱን ይዞ ይዳስሳል። አራት ምት አየሁ፣ እኩል ይመስላሉ፣ ይበቃል ይላል። ዴንማርካዊው የንስ ቪቢ-ሞገንሰንና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን ፈተኑት። ቶፍ ከ0.4 ካለፈ በኋላ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንኳን በመዳሰስ ልዩነቱን አይለዩትም። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው ሰፊ ክልል ለሰው ጣት የተሰወረ ነው፤ አደጋው ያለውም እዚያው ክልል ውስጥ ነው። ይኸው ቡድን በ1979 እ.ኤ.አ. ኮፐንሐገን ውስጥ ወደ ማገገሚያ ክፍል የተወሰዱ 72 በሽተኞችን ለክቶ 42 በመቶዎቹ በጊዜው በቂ ከሚባለው ከ0.7 በታች ሆነው አግኝቷቸዋል። ባለሙያዎቹ ሁሉም ተመልሰዋል ብለው ያሳለፏቸው ናቸው።

0.7 ራሱ ቆይቶ በቂ አለመሆኑ ታወቀ። ከ0.9 በታች የጉሮሮ ጡንቻዎች ቅንጅት ይዛባል፣ ምራቅ ወይም ትውከት ወደ ሳንባ ይገባል። ዛሬ ዓለም አቀፉ መስፈርት 0.9 ነው፤ የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ቁጥሩ በመሣሪያ እንዲለካ፣ የሚለካውም አውራ ጣት ላይ እንዲሆን ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መስፈርት ሪላክሳንት በተሰጠ ጊዜ ሁሉ የነርቭ መቀስቀሻ እንዲኖር ይመክራሉ።

አሁን ወደ ዘንገና እንመለስ። ሐይቁ እሳተ ገሞራ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ 166 ሜትር ጥልቀት እንዳለው የሚነገርለት ነው፤ አካባቢው ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በ1993 እ.ኤ.አ. ላርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ ስቶክሆልም ውስጥ ጤነኛ ፈቃደኞችን በቬኩሮኒየም እስከ 0.7 ድረስ አዝለው ኦክስጅኑ ያነሰ አየር አስተነፈሷቸው። ሰው ኦክስጅን ሲያንሰው ትንፋሹን ያፈጥናል፤ የሚያዘው አንገት ላይ ዋናው የደም ቧንቧ በሚገነጠልበት ቦታ ያለ ትንሽ አካል ነው። በእነዚህ ፈቃደኞች ላይ ያ ምላሽ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። መድኃኒቱ ጡንቻውን ብቻ አልነበረም ያዳከመው፤ ኦክስጅን ማነሱን የሚናገረውን ጠባቂም ነክቶታል። የስቶክሆልም ፈቃደኛ ከሙከራው ውጭ በባሕር ጠለል አየር ላይ ነው። የዘንገናው አባት ግን ከመጀመሪያውም ባነሰ ኦክስጅን ላይ ናቸው፣ ጠባቂው ሲዳከም የሚቀራቸው መጠባበቂያ ትንሽ ነው። የደጋ ሰው ለከፍታው የተላመደ ነው፣ ይህ እውነት ነው፤ ሲንቲያ ቢል በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት የኢትዮጵያ ደገኞች ደም ኦክስጅን የመያዝ ብቃት ለሳይንቲስቶች እንኳን አስገራሚ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን መላመድ የሚጠቅመው አየር ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። ድያፍራሙና ጉሮሮው ካልታዘዙ የመላመዱ ጥቅም ይቀራል።

ብርዱም አለ። ሆድ ተከፍቶ፣ ያልሞቀ ግሉኮስ በደም ሥር እየገባ፣ ክፍሉ ራሱ ቀዝቅዞ ለሁለት ሰዓት የተኛ ሰው ሁለት ዲግሪ ሙቀት ቢያጣ የሚገርም አይደለም። የቬኩሮኒየም የሥራ ጊዜ የሰውነት ሙቀት በሁለት ዲግሪ ሲወርድ ከእጥፍ በላይ እንደሚረዝም በጥናት ታይቷል። ቬኩሮኒየም ደግሞ በዱቄት መልክ ስለሚመጣና ፍሪጅ ስለማይፈልግ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ተመራጭ ነው። መድኃኒቱን «አርባ ደቂቃ አልፎታል፣ አልቋል» ብሎ በሰዓት መቁጠር በሞቃት ክፍል ሊያስኬድ ይችላል፤ በደጋ ሌሊት ግን ሰዓቱ ይዋሻል።

ሌላው ቋንቋ ነው። መሣሪያ በሌለበት ባለሙያው የሚያደርገው የታወቀ ፈተና አለ። «አባባ፣ ዐይንዎን ይግለጡ። ራስዎን ከትራሱ ቀና ያድርጉ። ያቆዩት፣ ያቆዩት።» አምስት ሴኮንድ ካቆዩ አለፉ ይባላል። ፈተናው ለነቃ ሰው ብቻ ነው፤ ለነቃም ሰው ቢሆን ቶፍ 0.6 አካባቢ እያለ ራሱን ማቅናት የሚችል ብዙ ነው። እንጅባራ በምትገኝበት በአዊ ደግሞ ከአውንጊ ሌላ ቋንቋ የማይሰሙ አረጋውያን አሉ፤ የሰመመን ባለሙያው ከሌላ አካባቢ የተመደበ ሊሆን ይችላል። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ባልለመደው ቋንቋ ሲታዘዝ ያልመለሰው ከድካም ይሁን ካለመስማት ማን ይለያል? ነርቭ ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ዓይነት ይመልሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በመማሪያ መጻሕፍት ግርጌ ብቻ ስለሚነሳ ነው። ማላታይንን የመሳሰሉ የተባይ መድኃኒቶች ሳክሲኒልኮሊን የተባለውን ፈጣን ሪላክሳንት የሚያፈርሰውን የደም ኢንዛይም ይይዙታል። ሳክሲኒልኮሊን በአምስትና አሥር ደቂቃ ውስጥ መጥፋት ያለበት መድኃኒት ነው። ድንች ሲረጭ ሰንብቶ መድኃኒቱ በቆዳው የገባበት ገበሬ፣ ወይም ይባስ ብሎ መርዙን ጠጥቶ ሆስፒታል የመጣ ወጣት፣ ይህ መድኃኒት ሲሰጠው ለረጅም ጊዜ ሊዝል ይችላል። ያኔ ባለሙያው ሰውየው ለምን እንደማይተነፍስ ማወቅ አለበት። አንጓው ላይ ምት ሲላክ አውራ ጣቱ ካልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ገና ነው፤ ሥራው ማስተኛውን ሳያቋርጡ ማስተንፈስና መጠበቅ ነው። አራቱም ምቶች እኩልና በሙሉ ጉልበት ከመጡ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ምናልባት የሕመም ማስታገሻው በዝቶ። የ1958ቱ የሴንት ቶማስ መሣሪያ የተሠራው ይህን ለመለየት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ቦታ የሚሆን መሣሪያ እንዴት ይነደፋል?

መጀመሪያ የሚወሰነው ምን እንደሚለካ ነው። ጉልበትን በቀጥታ የሚለካው ዘዴ ከሁሉ ትክክለኛው ነው፤ ግን እጁን በብረት ማቀፊያ ማሰርና አውራ ጣቱን በክብደት መወጠር ስለሚጠይቅ ከምርምር ቤት አይወጣም። ሁለተኛው የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ምልክት መያዝ ነው። ጥሩ ነው፣ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎን ቢታሰር እንኳን ይሠራል። ነገር ግን አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች የሚሸጡት ለየአንዳንዱ በሽተኛ አንድ ጊዜ ተለጥፎ የሚጣል የራሳቸውን ኤሌክትሮድ ነው፤ ያ ኤሌክትሮድ ሲያልቅ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛው ፍጥንጥነትን መለካት ነው። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ጉልበት ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥንጥነት ነው ይላል፤ የአውራ ጣት መጠነ ቁስ በአራቱ ምቶች መካከል ስለማይለወጥ የፍጥንጥነቱ ጥምርታ የጉልበቱ ጥምርታ ነው። ቪቢ-ሞገንሰን ይህን በ1988 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ ሴንሰሩ ውድ ነበር። ዛሬ ስልክን ሲያዞሩት ስክሪኑን የሚያዞረው ያው ሴንሰር ነው። ለእንጅባራ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ጉድለቱን እያወቅሁ።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አውራ ጣት እንዲንቀሳቀስ ነፃ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ክንዱ ከጎን ተዘርግቶ፣ ሌሎቹ አራት ጣቶች ታስረው፣ አውራ ጣቱ በቀላል ላስቲክ ወደ ኋላ ተስቦ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ ሴንሰሩ ገና መድኃኒት ሳይሰጥ እንኳን ብዙ ጊዜ ከ1.0 በላይ ያነባል። መነሻው 1.1 ለሆነ ሰው ማብቂያው ላይ የሚታየው 0.9 በእውነቱ 0.82 ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው በሽተኛው ከተኛ በኋላ ሪላክሳንቱ ከመግባቱ በፊት መነሻውን እንዲይዝና የሚያሳየውን ቁጥር በዚያ እንዲያካፍል ይደረጋል። መነሻው ካልተያዘ ደግሞ 0.9ን እንደ በቂ አይቀበልም፣ 1.0 እስኪሆን ይጠብቃል።

ከዚያ ምቱ ነው፤ የኢንጂነሩን ሥራ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። ነርቩን ሙሉ በሙሉ ለመቀስቀስ 50 ሚሊአምፔር ገደማ ያስፈልጋል። የቆዳ መከላከያ 3,000 ኦም ቢሆን ይህን ጅረት ለመግፋት 150 ቮልት ይጠይቃል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቆዳ 5,000 ኦም ሲደርስ 250 ቮልት። የተሰጠን ባትሪ ደግሞ የስልክ ባትሪ ነው፣ 3.7 ቮልት። ስለዚህ ትንሽ ሰርኪዩት ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል፣ ከዚያ ለ0.2 ሚሊሴኮንድ ብቻ ይለቀዋል። ቁጥሩ ያስፈራል፤ የሚፈሰው ቻርጅ ግን በአንድ ምት 10 ማይክሮኩሎም ነው፣ የሚያልፈውም በአንጓ ላይ በተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች መካከል እንጂ በደረት በኩል አይደለም። ጊዜው ማጠሩም ምክንያት አለው። ምቱ ከግማሽ ሚሊሴኮንድ ከረዘመ ጡንቻውን በቀጥታ ሊነካ ይችላል፤ ያኔ የተለካው የነርቩ ትእዛዝ አይሆንም።

ጅረቱ በቆዳው መከላከያ እንዳይወሰን ሰርኪዩቱ ራሱ የሚፈሰውን እየለካ ያስተካክላል። ሲጀምር ከትንሽ ተነሥቶ በ5 ሚሊአምፔር እየጨመረ ምላሹ መጨመር እስኪያቆም ይፈልጋል፣ ከዚያ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያክልበታል። እንዲህ ካልሆነ ኤሌክትሮዱ በሰዓታት መካከል ሲደርቅ የምቱ መድከም የጡንቻ መድከም መስሎ ይታያል። የደኅንነቱ ሕግ ደግሞ አንድ ክፍል ቢበላሽ እንኳን በሽተኛው እንዳይጎዳ ነው። ትራንዚስተሩ ቢቃጠልና ጅረቱን ማቋረጥ ቢያቅተው ሊፈስ የሚችለው ትንሿ ካፓሲተር ውስጥ ያለው ብቻ ይሁን። የቻርጀር ገመድ ሲሰካም ምቱ በራሱ ይዘጋ፤ የ220 ቮልት መስመር በምንም መንገድ ከበሽተኛው አንጓ ጋር አይገናኝ። እነዚህን የሚፈትሸው አይኢሲ 60601 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው፤ ለነርቭና ጡንቻ መቀስቀሻዎች የተለየ ክፍል አለው።

ኤሌክትሮዱ ተራ የኢሲጂ ኤሌክትሮድ መሆን አለበት። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ነዳፊ አለ፤ እኔ ግን መሣሪያው የሚሠራባቸውን ዓመታት የሚወስነው ከሁሉ በላይ ይህ ነው ባይ ነኝ። የኢሲጂ ኤሌክትሮድ ለልብ ምርመራም ስለሚያስፈልግ ይገዛል፣ ሲያልቅም ይጠየቃል። አንዱ ከአንጓው መታጠፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይለጠፋል፣ ጥቁሩ ገመድ እዚያ ላይ፤ ሁለተኛው ከእሱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክርን ከፍ ብሎ። ፓኬቱ ከተከፈተ ወዲህ ጄሉ ይደርቃል፣ ስለዚህ መሣሪያው ከእያንዳንዱ አራት ምት በፊት መከላከያውን ይለካና ከበዛ ያንን ይናገራል።

ስክሪኑ ላይ አራት ዘንጎችና አንድ ትልቅ ቁጥር ይበቃል። ነገር ግን «ዜሮ» እና «አልተነበበም» ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆን አለባቸው። ገመድ ስለተነቀለ ወይም አውራ ጣቱ በጨርቅ ስለታፈነ ምንም ካልታየ ያ የመድኃኒቱ ብርታት አይደለም። ደም ማቆሚያው ኤሌክትሪክ ሲሠራ ሴንሰሩ ይረበሻል፤ ያን ጊዜ የተወሰደ ንባብ ይጣላል እንጂ ቁጥር ሆኖ አይወጣም። ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፣ አረንጓዴ መብራትም ከ0.9 በታች በፍጹም አይብራ።

ቁጥሩ ሌላም ይሠራል፤ መድኃኒት ያስቆጥባል። ሪላክሳንቱን ለመመለስ የሚሰጠው ኒዮስቲግሚን፣ ከአትሮፒን ጋር፣ ኃይሉ ወሰን አለው። ከአራቱ ምት አንዱ ብቻ በሚታይበት ጊዜ ቢሰጥ በጊዜው አይመልስም፤ መጠኑን መጨመርም አይረዳም። አራቱም ከታዩ በኋላ ቢሰጥ ግን አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ወስዶ ይሠራል። ጥልቁን ድካም በደቂቃዎች የሚመልሰው ሱጋማዴክስ በአውሮፓ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ዋጋው ግን ለአብዛኛው የአገራችን ሆስፒታል የሚቀመስ አይደለም። ውዱ መድኃኒት በሌለበት መለኪያው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የቀረው አማራጭ ቱቦውን ሳያወጡ፣ በሽተኛውን እንዳስተኙ መጠበቅ ነው፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠበቅ ደግሞ የሚነግረው ቁጥሩ ነው።

ርካሽ መሣሪያ ደካማ መሣሪያ ነው የሚል ክርክር ደጋግሜ እሰማለሁ። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ለእንዲህ ያሉ ክፍሎች የተዘጋጀ ፐልስ ኦክሲሜትር በ250 ዶላር አቀረበ፤ ባትሪው የሚሞላ፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ድምፁ ከክፍሉ ማዶ የሚሰማ። ኢትዮጵያም ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። መስፈርቱን ዝቅ አላደረጉም፤ የማያስፈልገውን አወጡለት እንጂ። በዓለም ዙሪያ ለዓመታት የጡንቻ መለኪያ ሆኖ ያገለገለው ቶፍ ዋች ግን ምርቱ ሲቋረጥ የያዙት ሆስፒታሎች መለዋወጫ ፍለጋ ላይ ወደቁ። የዘንገናው መሣሪያ ቦርድ በአገር ውስጥ ሊሸጥ፣ ሶፍትዌሩ ሊታይ፣ ባትሪው ከስልክ ሱቅ ሊገዛ የሚችል መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በጅማ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አሉ፤ ከላይ የዘረዘርኩት ሥራ ለአንድ ቡድን የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚከብድ አይደለም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን የተሰጠው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ እሱ ዘንድ ለመቅረብ የፍተሻ ሰነድ፣ የአመራረት ጥራት ማረጋገጫ፣ በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ያስፈልጋል።

ሙከራው መጀመሪያ በነቁ ፈቃደኞች ላይ፣ ያለ መድኃኒት ይሁን፤ በእነሱ ላይ ከመነሻ በታች የወረደ ንባብ ካለ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ላይ ባለ በሽተኛ አንድ እጅ ላይ የታወቀው መሣሪያ፣ ሌላው ላይ አዲሱ ይታሰራል። ባለሙያው በታወቀው ብቻ ይመራል፣ አዲሱ ዝም ብሎ ይመዘግባል። ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚመረመረው ከ0.7 እስከ 1.0 ባለው ክልል ነው፤ ውሳኔው የሚሰጠው እዚያ ላይ ስለሆነ። የሁለቱም እጆች መዳፍ ላይ የሙቀት መለኪያ ይለጠፍ፣ ቆዳው ከ32 ዲግሪ በታች በሆነበት ጊዜ የተወሰደው ንባብ ለብቻው ይቆጠር። አዲስ አበባ ውስጥ በሞቀ ክፍል የተገኘ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ሙከራው በእንጅባራም፣ በክረምት ሌሊትም ይደረግ።